ከሰማይ የመጣውን ጩኸት በደላላ ላስተረጎሙት ሊቀመንበር

ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ኦክቶበር 1986

ለተከበሩ አዛውንት፣ ምዜ ሀላኬ
የሰፈራችን የጸጥታ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ፈጣሪ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚህ ወር ያለ ዕረፍት ያሠሩትን ጆሮዎን ይጠብቅልዎ።

ምንታምር ጎበዜ እባላለሁ። አባቴ የጭነት መኪና መንዳት ትተው እዚህ ከተማ ሲቀመጡ መጀመሪያ ቤትዎ ጠርተው ያበሏቸው እርስዎ እንደሆኑ እስከ ዛሬ ስለሚያወሩ፣ የምንተዋወቅ መስሎኝ ነበር። ኮሚቴው ፊት በቀረብኩ ቀን ግን «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ብለው ስለጠየቁ ራሴን እንደገና ማስተዋወቅ ግድ ሆኖብኛል። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ በትክክል ለመናገር፣ በእርስዎ ፊርማ ከክፍሌ እስከታገድኩ ድረስ ነበርኩ።

ቀደም ብዬ በእንግሊዝኛ ጽፌልዎ ዝም አሉ። በስዋሂሊ ጻፍኩልዎ፤ እሱም «ውስጡ ሌላ ነገር ሳይኖረው አይቀርም» ተብሎ ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈበት ሰማሁ። ስለዚህ ይህኛውን በወጣትነትዎ ከድንበሩ ማዶ፣ ኢትዮጵያ ሲነግዱ በተማሩት አማርኛ ጽፌ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ተራ የሚጠብቅ ሰው የሚያነበው አያጣም፤ ከማዶ የሚመጡት ሾፌሮችም ጨዋታ ይወዳሉ።

ለእነሱ ስል ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። እንግሊዝ አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉ ሰዎች ትንሽ ሳተላይት ሠርተው ወደ ሰማይ ልከዋል። የሠሯትም ሬዲዮ መነካካት የሚወድ ሰው ሁሉ እንዲሰማት፣ ተማሪም እንዲማርባት ብለው ነው። በላያችን ስታልፍ ድምፅዋን ከፍና ዝቅ እያደረገች ትንጫጫለች። እኔ ያንን ጫጫታ በካሴት እቀዳና ከናይሮቢ ባመጣኋት፣ መጽሐፍ በምታህል ኮምፒውተር አሳልፌ፣ ምንም ጣቢያ ስለማይገባበት ጥልፍ ለብሶ የተቀመጠው ቴሌቪዥናችን ላይ ቁጥር ሆኖ ሲወጣ ከተማሪዎቼ ጋር አነበዋለሁ። ቁጥሩ ምን ያህል እንደሞቃት፣ ባትሪዋ እንዴት እንዳለ፣ ፀሐይ በየት ጎኗ እንዳረፈባት ይናገራል። ነገሩ ይኸው ነው። ማዳመጥ እንጂ መናገር የሚችል መሣሪያ የለኝም፤ ቢኖረኝማ ይህን ደብዳቤ በሙጫ ባልለጠፍኩ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ አንቴናዬን ስላወረዱልኝ አመሰግናለሁ። ከመጋረጃ ዘንግና ከሽቦ የተሠራ ነገር ለአገር ደኅንነት አስጊ መሆኑን እኔ በትምህርት ያልደረስኩበትን እርስዎ መንገድ ላይ ቆመው ቀና ብለው በማየት ብቻ ደረሱበት። የላኳቸው ጎረምሶች ሲወርዱ ቆርቆሮውን ስለቀደዱት፣ የዝናብ ውኃ ለመቅዳት ወደ ውጭ መውጣት የቀረላት እናቴም ምርቃቷን ልካለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥልቅ ጥያቄዎ። «ይህ ነገር ከየትኛው ወገን ነው የሚመጣው? ከማዶ ነው ከዚህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም እውነቱን፣ ጠዋት ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ማታ ደግሞ ከደቡብ ወደ ሰሜን ታልፋለች ብዬ መለስኩ። «ኬላው ላይ ሳትቆም?» አሉ። አዎን፣ ከኬላው በጣም ከፍ ብላ ነው የምታልፈው አልኩ። «ከፍታ ሰበብ አይሆንም!» ብለው ጠረጴዛውን ሲመቱ ኮሚቴው በሙሉ አጨበጨበ፤ እኔም ላጨበጭብ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። በእኛ ከተማ አንድ ኪሎ ስኳር በሦስት ቋንቋ ስለሚገዛ፣ ሁላችንም አስተርጓሚ ሆነን ነው ያደግነው። አንድ ድምፅ ካልገባን የሌላው ሰፈር ቋንቋ ነው ብለን እንደመድማለን። እርስዎም በዚሁ ልማድ፣ ጎረምሶቹ ከቤቴ ወስደው ያመጡልዎትን ካሴት አስከፍተው አዋቂዎቹን በተራ አስቀረቡ። የቦረና ሽማግሌው «በጥድፊያ የሚነገር አማርኛ ነው» አሉ። የጭነት መኪናው ረዳት «በእናታችሁ! ይሄ አማርኛ ከሆነ እኔ ዲዳ ነኝ፤ ሶማሊኛ ነው» አለ። ሶማሌው ነጋዴ «ወላሂ የኛ አይደለም፣ የናይሮቢ እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ያኔ ነው የከብት ደላላው አብዱብ የተነሱት።

አብዱብን አልወቅሳቸውም። «አላውቅም» ያለ ደላላ እንጀራው አለቀ። ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ በፎጣ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ዋጋውን በጣት እየጨመቁ ለሦስተኛ ሰው ሳያሰሙ እንደሚነጋገሩ ሁላችንም እናውቃለን። አብዱብም ጫጫታው ይኸው የጣት ንግግር ወደ ድምፅ ተለውጦ እንደሆነ አስረዱ። ረዥሙ ጩኸት ሙሉ እጅ፣ አጭሩ ደግሞ አንድ ጣት ነው አሉ። ፎጣቸውን አንጥፈው፣ የእርስዎን እጅ ከሥሩ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ካሴቱ በጮኸ ቁጥር ጣትዎን እየጨመቁ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም «ሰባት ግመል። በኦቦ በኩል። ሐሙስ» አሉ።

ጠባቂዎች ሐሙስ ወደ ኦቦ መንደር ተላኩ፤ ግመልም ተገኘ! በኦቦ ግመል መገኘቱ እንደ ማስረጃ ከተቆጠረ፣ ነገ ሄሉ መንደር ላይ ፍየል ቢታይ ማን ሊታሰር እንደሚችል አላውቅም። ሰባት ሳይሆኑ አሥራ አንድ ሆኑ፤ «የቀሩት አራቱ ግልገል ናቸው፣ በጩኸት አይቆጠሩም» ተባለ። ከዚያ ባለቤቱ ሲመጣ ክቡር አማችዎ ነጅመዲን ሆነው አረፉት። በዚህም ምክንያት እኔ ዛሬ በሁለት ወንጀል እከሰሳለሁ፤ ግመሎቹን ከመንግሥት ደብቄ በማሳለፍ፣ እንዲሁም እነዚያኑ ግመሎች ለመንግሥት ጠቁሜ በማስያዝ። አንዱን ይምረጡልኝ ብዬ እንዳላስቸግርዎ፣ ሁለቱንም በአንድነት ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

እግረ መንገዴን፣ ያን ዕለት ልናገር ስል «አስተርጓሚውን አታቋርጪ!» የተባልኩትን ነገር አሁን ልጨርስ። ጎረምሶችዎ የወሰዱት ካሴት የሳተላይቷ ድምፅ አልነበረበትም። የእኔ ኮምፒውተር የምትሠራበትን መመሪያም የምትጭነው ከካሴት ነው፤ ያም ካሴት ሲከፈት እንዲሁ ይንጫጫል። በፎጣ ሥር የተተረጎመልዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ለሕፃናት የተዘጋጀ የማባዛት መልመጃ ነው።

አራተኛውን ያለ ቀልድ እጽፈዋለሁ። ወደ ክፍሌ እንድመለስ «የባዕድ ወገን ድምፅ ሰምቻለሁ፣ ተጸጽቻለሁ» የሚል ወረቀት እንድፈርምና ዋስ የሚሆነኝ ወንድ እንዳቀርብ አዘዋል። አባቴ ዋስ ሊሆኑ ተነስተው ነበር፤ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። የመጨረሻው ክፍል፣ የፎርም ፎር ልጃገረዶች በሚመጣው ወር ለፊዚክስ ፈተና ይቀመጣሉ። እዚህ ክፍል ለመድረስ አንዷ ከጋብቻ ሸሽታለች፣ ሌላዋ ከኦቦ በእግሯ ትመላለሳለች፤ አሁን ግን አስተማሪ የላቸውም። ኮሚቴው ይህን አስቦ «የመሬት ስበቱን የስፖርት አስተማሪው ያስተምር፤ ኳስም እኮ ይወድቃል» ማለቱን ሰምቻለሁ። እስኪ ይህን ፈተናውን ለሚያርሙት ይንገሩልኝ።

ወረቀቱን አልፈርምም። ጥፋት ስለሌለብኝ አልፈርምም፤ የእኔ ፊርማ ከነገ ወዲያ ሴት ልጅ ሬዲዮ ስትከፍት «ዋስሽ ማን ነው?» የሚላት ሰው ማስረጃ ስለሚሆን አልፈርምም።

ይልቅ ስለዚያች ሳተላይት አንድ ነገር ልንገርዎ። ያለችበት ሥልጣን ከእርስዎ በጣም ከፍ ያለ ነው፤ ሆኖም የሞቀባትን፣ የደከመባትን፣ የተበላሸባትን አንድም ሳትደብቅ ለሚሰማት ሁሉ በየዕለቱ ትናገራለች። ከባለሥልጣን አፍ እንዲህ ያለ ሪፖርት ሰምተው ስለማያውቁ የባዕድ ቋንቋ ቢመስልዎ አይፈረድብዎም።

ሰኞ ጠዋት ክፍሌ ውስጥ እገኛለሁ። በሩ ተቆልፎ ከጠበቀኝ ከእርስዎ ቢሮ ፊት ለፊት እቆማለሁ። ግድግዳዎ በቅርቡ ጥቁር ቀለም ስለተቀባ ጠመኔ በሚገባ እንደሚይዝ በጣቴ ሞክሬ አረጋግጫለሁ። ልጆቹ በርጩማ ከየቤታቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ትምህርቱም ስለ ስበት ነው።

ከሰማዩ በታች፣ ከተቀደደው ቆርቆሮ ሥር፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት ዝናብ በማያስገባ ቦታ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩ፣

ምንታምር ጎበዜ
በትምህርቷ አስተማሪ፣ በኮሚቴው ውሳኔ ሰላይ፣ በአብዱብ ትርጉም የግመል ነጋዴ

ማስታወሻ፦ ጣሪያ ላይ ወጥታ አንቴናውን ያቆመችው ተባባሪዬ ማን እንደሆነች ኮሚቴው ደጋግሞ ጠይቆኝ ዝም ብዬ ነበር። ባለጉዳይዋ ራሷ ስለፈቀደች አሁን ልመልስ። ልጅዎ ሸፊቃ ናት። ከክፍሉ አንደኛ ስትሆን፣ የሳተላይቷን መምጫ ሰዓት ከእኔ በፊት አስልታ የምትነግረኝም እሷ ናት። «ይጻፉት ማዳም፤ እኔ ስነግረው አባ ይስቃል፣ ግድግዳ ላይ ካየው ግን ያምናል» ብላኛለች። ሰኞ በርጩማ ስትሸከም ካዩ ያግዟት፤ የእናንተ ቤት በርጩማ ከባድ ነው።