ሩብ ሙቀት ስለ ደረሳት የልጅ ልጄ

ለተከበሩ የሞያሌ የመብራት ቢሮ ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ሰላምታዬ መንገድ ላይ ሳይቆራረጥና ሳይደክም እንዲደርስዎ እየተመኘሁ፣ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ባለፈው ስመጣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሻርፔን ደራርቤ እስክቀመጥ ስላንቀጠቀጠኝ፣ ብርድ እንዳይመታዎ አላህን እለምንልዎታለሁ። እኔ ዙሌይካ ነኝ፤ ገበያው ዳር ከኢትዮጵያ ወገን የሚመጣ የሴት ልብስ የምሸጠው፣ «ወሬ አበዛሽ» ብለው በትህትና እስከ በሩ የሸኙኝ። እዚህ የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ሁሉንም ልንገርዎ።

ልጄ ፈርሂያ ያለ ጊዜዋ ወለደች። በቀዶ ሕክምና ነው የተገላገለችው፤ ትኩሳቱም እስካሁን አልለቀቃትም። ሕፃኗ ከአንድ ኪሎ ብዙም አትበልጥም፤ እዚህ ሰፈራችን ቡቲዬ ባለችው ትንሽ ክሊኒክ፣ ከላይ በኤሌክትሪክ በሚሞቅ አልጋ ላይ ተኝታለች። ነርሱ ፒተር እንዳስረዳኝ የራሷን ሙቀት መያዝ ገና አትችልም፤ ከቀዘቀዘች መተንፈስ ትረሳለች። ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንዳንወስዳት መንገዱን አትችለውም፤ የክሊኒኳ ጄኔሬተርም ተበላሽቶ ቆሟል። እንግዲህ የቀራት የእርስዎ መብራት ብቻ ነው። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ኢንጂነር ጆንን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ገባ። መለኪያውን አውጥቶ ለካና መቶ ሃያ ቮልት፣ አንድ አምፔር አለ። አልጋው ላይ የተለጠፈው ግን ሁለት መቶ አርባ ቮልት፣ ሁለት አምፔር ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ማማ ፈርሂያ፣ ግማሹን እያገኛችሁ ነው፤ ታገሱ» ብሎ ያመጣው የቦዳቦዳ ሞተር ላይ ወጣ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ማባዛት ግን መቼም አይጠፋኝም፣ ነጋዴ ነኝ። ከፒተር ጋር ቁጭ ብለን ሠራነው። ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ኃይሉን ይሰጣል፤ አልጋው የሚገባው ሁለት መቶ አርባ ሲባዛ በሁለት፣ አራት መቶ ሰማንያ ዋት ነው። ጆን የለካው ደግሞ መቶ ሃያ ሲባዛ በአንድ፣ መቶ ሃያ ዋት። ይህ ግማሽ ከሆነ እኔም ልብሴን በእርስዎ ሜትር ልለካ። ሩብ ነው፣ ክቡርነትዎ፤ ልጅቷ የደረሳት ሩብ ነው። አልጋው ተበላሽቶ እንዳይሆንም ብለን፣ ሽቦው ከረንቱን የሚገታበትን ልክ፣ ሬዚስታንሱን ማለቴ ነው፣ ቮልቱን ለአምፔሩ አካፍለን አየን፤ በተለጠፈውም ቢሰላ በተለካውም ቢሰላ ያው መቶ ሃያ ኦም ነው። አልጋው አልተለወጠም። ቮልቱ በግማሽ ሲወርድ ከረንቱም አብሮት በግማሽ ስለሚወርድ፣ ሙቀቱ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። ልጁ ይህን አያውቅም አልልም፤ ያውቀዋል፤ እኔን ዝም ለማሰኘት ግማሽ ማለቱ ቀለለው።

ሁለተኛ፣ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ አልክድም። እኛ ዘንድ ወላድ ብቻዋን አትተውም፤ ሕፃኗ በርዷታል ሲባል፣ ልትጠይቅ የመጣች ሴት ሁሉ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታ አጠገቧ ልታኖርላት የኤሌክትሪክ ኬትሏን ከቤቷ ተሸክማ መጣች። ሳቢራ አንዱን ሰካች፣ እታለማሁ ሌላውን፤ ከዳበል የመጡ ዘመዶቻችን ባዶ እጃችንን እንዴት ብለው አዲስ ገዝተው ገቡ። ኬትል በተሰካ ቁጥር ቮልቱ ይወርዳል፣ አልጋው ይቀዘቅዛል፤ አልጋው በቀዘቀዘ ቁጥር ሌላ ኬትል ይሰካል። ጆን ሲለካ ኬትሎቹ ሁሉ ይንተከተኩ ነበር። በፍቅራችን ልንገድላት ነበር እኮ። ቢሮዎ የቡቲዬ ሴቶች መስመሩን አወረዱት ብሎ በየደረሰበት ሲያወራ ሰምተን ሁሉንም ነቀልን። በተዋስነው መለኪያ ስናየው መቶ ሃምሳ ቮልት ሆነ፤ ለመቶ ሃያ ኦም ሲካፈል አንድ ከሩብ አምፔር፣ ተባዝቶ መቶ ሰማንያ ሰባት ዋት ተኩል። አሁንም ግማሽ አልሞላም። ከእንግዲህ የምንነቅለው የለንም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ለቡቲዬ የመጣው አዲሱ ትራንስፎርመር ቢሮዎ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ለምን እንዳልተሰቀለ ስጠይቅ፣ ከናይሮቢ የሚመጣ የክብር እንግዳ ሪባኑን እስኪቆርጥ ነው፣ እንግዳው ደግሞ መቼ እንደሚመቸው ገና አልታወቀም ተባልኩ። ለእንግዳ ክብር መስጠትዎን አደንቃለሁ። ትራንስፎርመሩ ፀሐይ እንዳይነካው ሸራ፣ ሰው እንዳይጠጋው ዘበኛ ተመድቦለታል፤ የእኛዋ እንግዳ ግን ቀጠሮ ሳትይዝ በመምጣቷ ያን ሁሉ አላገኘችም።

ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ማሾፍ አልቻልኩም። ማታ ማታ ከንፈሯ ይጠቁራል። እባክዎን ይስቀሉት። እንግዳው ሲመጣ ሪባኑን ምሰሶው ላይ ያስሩለት፤ እኛ የዚያን ቀን ቤታችንን አጨልመን እንጠብቃለን፤ ሲቆርጠው መብራት በዕድሜያችን አይተን እንደማናውቅ ሆነን እልል እንላለን። ለዚህ ነገር ብቻ መዋሸት እችላለሁ።

ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ሽቦዎም እንዲወፍር ከልቤ የምመኝ፣ መልስ እስኪሰጡኝ በየጠዋቱ ከደጅዎ የማልጠፋ፣

ዙሌይካ፣
የፈርሂያ እናት፣ ገና ስም ያልወጣላት ሕፃን አያት፣
ከቡቲዬ

ከጻፍኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ጽሑፌ ስለተንጋደደ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መብራቱ ጨርሶ ስለወረደ ልጅቷን ደረቴ ላይ ለጥፌ በአንድ እጄ ነው የምጽፈው። እኛ ሴቶቹ ተራ ገብተን በገላችን እያሞቅናት ነው። ተረኛ ስናጣ አንዷ የእርስዎን ስም አንስታ ነበር፤ የቀሩት ግን ሙቀት ይኖርዎታል ብለው አላመኑም።