ማርቆስ ያልማለው መሐላ

ሰኞ፣ ሰኔ 21

አልምልም አለ። ወንድሜ ማርቆስ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ካሉት ባለሱቆች ሁሉ የሚወደደው ሰው፣ አልምልም አለ። ሌሎቹ ዕጩዎች ምለው ቪዲዮውን የዋትሳፕ ግሩፓችን ላይ ለቀዋል። በኮሮና ስብሰባ ስለተከለከለ መሐላውም በስልክ ሆኗል። የቮስሎሩሱ ጅምላ ሻጭ ጀማል እጁን ቁርአን ላይ ጭኖ፣ «ብሸነፍ ያሸነፈውን እደግፋለሁ፤ ወገኔን አልከፋፍልም» አለ። አለቀ።

መሐላውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የወገናችን ጸሐፊ ነኛ!

ማክሰኞ

ለምን እንደጻፍኩት ልጻፍ፣ ለራሴም ይለይልኝ። እዚህ ያለነው ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ውስጥ ሁለት ወገን አለ። እያንዳንዱ ወገን ለሊቀመንበርነት የሚያቀርበውን አንድ ሰው መጀመሪያ እርስ በርሱ ይመርጣል። ባለፈው ጊዜ የኛ ተሸናፊ አኩርፎ ግማሹን ሰው ይዞ ወጣ። ከዚያ ኦሬንጅ ፋርም አንዲት እናት ስትሞት አስከሬኗን አገር ቤት ለመላክ የሚሯሯጥ ጠፋ። «የእናንተ ናት»፣ «የለም፣ የእናንተ ናት» ተባባልን። ዘጠኝ ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆየች። ልብሷን ይዤ ስመላለስ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ደግሞ ሞት በዝቷል። ብንከፈል ማን ይቀብረናል?

ረቡዕ

ማርቆስ ሱቅ ሄድኩ። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ዳቦ ይደረድራል።

«ማርቆሴ፣ ሁለት መስመር ናት። በልና ገላግለኝ» አልኩት።

«ጌታ ፈጽሞ አትማሉ ብሏል። አንቺም አብረሽኝ ነው የተማርሽው።»

ያለ መሐላ ቃሉ ብቻ እንዲበቃ ኮሚቴውን ለምኜ ነበር። «ጀማልን አስምለን ያንቺን ወንድም ብናልፍ ሰው ምን ይለናል?» አሉኝ። ነገርኩት።

«እውነታቸውን ነው» አለ። «ስሜን ሰርዢው። ግን አንቺስ? አዎ ካልኩሽ አይበቃሽም?»

 እዚህ አገር ያመጣኝ እሱ ነው። በመጀመሪያው ክረምቴ ብርድ ልብሱን ለኔ ሰጥቶ ካርቶን ላይ የተኛ ሰው ነው። ዝም አልኩት! ያኛው ጥሎን የወጣው ሰውዬም እኮ የምናምነው ነበር።

ሐሙስ

ሰረዝኩት። በገዛ እጄ። «መሐላ ባለመፈጸሙ ከዕጩነት ተሰርዟል» ብዬ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። ማየቱን ስልኬ አሳየኝ። ምንም አልመለሰም።

ልቤ ተሰብሯል፣ ሌላ ቃል የለኝም። ደንበኛ ስኳር ሲለኝ ጨው ሰጠሁ።

ቅዳሜ

ትናንት አልጻፍኩም። ሳለቅስ ዋልኩ።

የማርቆስ ወዳጆች ስልኬን አያነሱም። አንደኛው አንስቶ፣ «የገዛ ወንድምሽን?» ብሎ ዘጋብኝ። እነዚህ ሰዎች ነገ ምርጫው ሲደረግ ወጥተው ይሄዳሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደግሞ ጠርቼ ያመጣሁት ራሴ ነኝ።

እሑድ

ጀማል የወገናችን ዕጩ ሆኖ ተመረጠ። አንድም ሰው አልወጣም።

ማታ ላይ ጀማል ደወለ። «ወላሂ እህቴ፣ ሰውን የያዘልኝ ማርቆስ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ለያንዳንዱ እየደወለ ጀማልን ምረጡ ሲል ነበር። አልነገረሽም?»

አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ደወልኩለት። ወዲያው አነሳ። «ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ።

ከደስታዬ ብዛት ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ፦ «ሙች በለኝ!»

 ሱቁ ውስጥ ሰው ሲያወራ ይሰማኛል። «ሥራ ላይ ነኝ» አለና ስልኩን ዘጋው።

ነገ በጠዋት እሄዳለሁ። ምን ብዬ እንደምገባ ግን አላውቅም።