የስድስት ቀን ዝናብ በአንድ ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለኪሩ፤

አንተ፣ ባለቤትህ ሶሲ እና ትንሿ ሊዲ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁስ? የሊዲ ሳል ለቀቃት ወይ? ናይሮቢ በርዷል ስላልክ እማዬ ጋቢ ካልላክሁ ብላ ይዛኝ ነበር፤ ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ የኢሊያስ ሻንጣ ትንሽ ናት ብዬ ነው ያስተውኳት። እኛ አምላክ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። እማዬ ፍልሰታን ይዛለች፤ ጉልበቷ ቢያማትም ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም አትውልም። እኔም ደህና ነኝ ልልህ ነበር፣ ግን ላንተ ምን እዋሻለሁ፤ ደህና አይደለሁም።

በስልክ ያልነገርኩህ በእማዬ ምክንያት ነው። አንተ በደወልክ ቁጥር "ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ እኔም ልስማው" እያለች አጠገቤ ትቀመጣለች። ይህን ደግሞ እንድትሰማብኝ አልፈልግም። የወረዳችን የዝናብ መረጃ ባለሙያ ኢሊያስ ለስልጠና ወደናንተ መሥሪያ ቤት ሲመጣ ይዞልህ እንዲመጣ ጻፍኩልህ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ጥቅምት ላይ እየሳቅህ የደወልክልኝን ታስታውሳለህ? "ወርቄ፣ የአባባ ዝናብ መለኪያ እኔ የሠራሁት ካርታ ላይ ወጣች! ስንት አገር ተሰብስቦ የሚያየው ካርታ!" ያልከኝን? እማዬ እልል አለች። አሳትመህ የላክልንን ከአባባ ፎቶ አጠገብ ሰቀለችው። የኛን ሰፈር ቀይ ነጥብ ለመጣ እንግዳ ሁሉ በጣቷ ታሳያለች። ቀዩ ጎርፍ የሚያሰጋው ቦታ ማለት መሆኑን ያኔ ማን ጠየቀ? እኛ እንደ ሽልማት ነው ያየነው።

ግንቦት ላይ ዕቅዱ መጣ። ፈረንጆችም የአዳማ ሰዎችም ያሉበት ቡድን በሁለት መኪና መጥቶ ሰፈሩን ሰበሰበን። የአየር ንብረት ለውጡን የምትቋቋሙበት ነው፣ በመረጃ የተሠራ ነው፣ ሦስት አገር ተስማምቶበታል አሉን። ነገሩ ከኮረብታው ሥር ተነስቶ፣ በእማዬና በጎረቤታችን በእትዬ መሪማ ማሳ መካከል አልፎ ወደ ቦረቦሩ የሚወርድ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ነው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ መሪማን ታውቃቸው የለ፣ አንተን አዝለው ያሳደጉህ ናቸው፤ አፋቸው አያርፍም። ተነስተው "የምን ጎርፍ? እኛ ውሃ ጠማን ስንል እናንተ ያለችንን ልታሸሹ መጣችሁ?" አሏቸው። አንድ ትሁት ልጅ ላፕቶፑን ወደኛ አዞረና በአንድ ቀን ሰማንያ ስምንት ሚሊ ሜትር ዘንቧል፣ ቁጥሩንም ራሳችሁ ናችሁ የላካችሁት አለ። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። ኢሊያስ ወደኛ ሲመልሰው ሐምሌ ሃያ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ሆነ። ኪሩዬ፣ ያን ቀን እኔ አውቀዋለሁ።

አባባ ያረፉት በዚያው ዓመት ሐምሌ አሥራ አምስት ነው። አንተ ያኔ ሊዲ ልትወለድ ሆስፒታል ነበርክና ለቀብር አልደረስክም፤ ስለዚህ አታውቀውም። አባባ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያዋን ሳያዩ ውለው አያውቁም። የገዛ ወንድማቸው ለቅሶ ላይ እንኳ ተነስተው ወጥተው ስንቱ አማቸው! እኔ ግን መለኪያዋ በእጄ ስትቀር ሐሜቱን ፈራሁ። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ "ወርቄ አባቷን ቀብራ ዝናብ ትለካለች" ልባል? ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድበው እየሰማሁ ተቀመጥኩ። በስድስተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል ሄጄ ብከፍታት የስድስት ቀን ውሃ ተጠራቅሞ ጠበቀኝ። ሰማንያ ስምንት። በዕለቱ ቀን ላይ ጻፍኩት። ያለፉትን አምስት ቀኖች ዜሮ ሞላኋቸው፤ ክፍት ብተዋቸው የአባባን መዝገብ የማሰድብ መስሎኝ። የተጠራቀመ ነው ተብሎ በጎን እንደሚጻፍ ማን ነገረኝ? አባባ አንድ ቀን ዘለው ስለማያውቁ ሲዘለል ምን እንደሚደረግ አላስተማሩኝም። አይ የኔ ነገር!

ስብሰባው በተበተነ ማግስት ኢሊያስ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። መዝገቡን አየና አንገቱን ደፋ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አዳማ ይዞኝ ሄደ። እዚያ ዕቅዱን በያዘው ቢሮ ያገኘናት ሴትዮ ሻይ አስመጥታ በደግ ቃል አስረዳችኝ። ቁጥሩ ተጣርቶ አልፏል፣ ዕቅዱ ተፈርሟል፣ ካርታው የተሠራው ናይሮቢ ስለሆነ ከዚህ ልናርመው አንችልም፣ እንደገና የሚታየው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው አለችኝ። አንተ ደግሞ በዚያው በጥቅምቱ ስልክ እኛ አገሮቹ የላኩልንን ነው የምንቀበለው፣ የራሳችን ቁጥር የለንም ብለኸኛል። እንግዲህ ማን ጋ ልሂድ? ሁሉም ደግ ነው፣ ሁሉም ያዝንልኛል፤ የሚያደርግልኝ ግን የለም።

ሰኔ ላይ ኤክስካቫተሩ መጣ፤ በሁለት ሳምንት አለቀ። ሥራው ሲያምር ደግሞ! ቀጥ ያለ፣ በድንጋይ የተለበጠ። ክረምቱ ግን ዘንድሮ እጁ አጠረ። ሐምሌን ሙሉ ደህና ዝናብ ያየነው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ድሮ ከኮረብታው ወርዶ እማዬ ማሳ ላይ ተኝቶ የሚሰርገው ውሃ አሁን ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቦረቦር ይወርዳል። ጤፉ በቀለና ቢጫ ሆኖ ቀረ። ባለፈው ማክሰኞ አሥራ አራት ሚሊ ዘነበ። እማዬን በዚያ ጉልበቷ ቦዩ ውስጥ ወርዳ፣ ጭቃ በእጇ እያፈሰች ውሃውን ልትገድብ ስትታገል አገኘኋት። ጭቃውን ይዞባት ይሄዳል። እትዬ መሪማ በወዲያኛው ዳር ቆመው "ያ ረቢ! አንተ የሰጠኸንን ሰው ነጠቀን" እያሉ ያለቅሳሉ። እማዬ ቀና ብላ "ወርቄ፣ ይኼን ያዘዘብን ሰው ምን አድርገነው ነው?" አለችኝ። ወርጄ አብሬያት ጭቃ አፈስኩ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ አልቻለም። የመዝገቡን ገጽ ፎቶ ኮፒ አያይዤልሃለሁ። ስህተት ነው ብለህ ብታወጣው ካርታው የእጅህ ሥራ ነውና እንጀራህ ላይ እንደሚመጣ ይገባኛል። ዝም ብትልም የሚጎዳው የእማዬ ማሳ ነው። ብታወጣውም ደግሞ የተቆፈረውን ማን ሊመልሰው? ታላቅህ ነኝ፣ ልመክርህ ይገባ ነበር፤ ምን አድርግ እንደምልህ ግን አላውቅም። መለኪያዋን አልተውኳትም። ሦስት ሰዓት ሲል እቆማለሁ። አሁን ለቅሶ ቤትም ብሆን ተነስቼ እወጣለሁ፤ ይሙኝ። ምን ዋጋ አለው፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ።

ሶሲን በርቺ በልልኝ፤ የላከችው መድኃኒት ለእማዬ ጉልበት ረድቷታል። ሊዲን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ አያቷ የኔን ስም ትጠራለች ወይ እያለች ትጠይቃለች። እትዬ መሪማ "ልጄን አላህ ይጠብቀው" ብለውሃል። ኢሊያስን እንግድነቱን አታጓድልበት፤ ባመጣልህ መልእክት እንዳትቀየመው፣ ከኔ ጋር ብዙ ተንከራቷል።

እማዬ ደግሞ የምጽፈው ላንተ መሆኑን አይታ ይህን ጨምሪልኝ አለችኝ። "ኪሩዬ፣ አንተ የምትውለው ከትልልቆቹ ጋር ነው። ይህን ቦይ ያመጣብንን ሰው ፈልገህ አግኝልን። አትጣላው፣ ለምነው። እኛ ብንሄድ ማን ይሰማናል?" ይህን የምትለኝ ከአባባ ፎቶ ሥር፣ ቀይዋ ነጥብ አጠገብ ተቀምጣ ነው። እሺ እማዬ፣ ጻፍኩት አልኳት።

እህትህ ወርቄ አብተው
ወለንጪቲ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.