እናቴ የሌለችበት የኢዮቤልዩ ታሪክ

ሰኞ፣ ጥር 4። ጠዋት 1፡30፣ ሆመቾ

የዘጠነኛ ክፍል ደብተር አርሜ ጨረስኩ። አሁን ወደ ክረምት ኮርሱ ጥናታዊ ወረቀቴ፤ ሴት አማልክት ሥልጣናቸውን በወንዶቹ እንዴት ተነጠቁ። ዛሬ የባቢሎን ተራ ነው። ቲአማት የአማልክት ሁሉ እናት ነበረች። ማርዱክ ገደላት። እንደ ደረቀ ዓሣ ለሁለት ሰነጠቃት፣ ግማሽ ገላዋን ሰማይ አደረገው። ታሪኩን የጻፉት የማርዱክ ካህናት ናቸው። ሌላ ማን ሊጽፈው ኖሯል?

ረቡዕ፣ ጥር 6። ከሰዓት

አቶ ሳሙኤል ወደ ሆሳዕና አስጠሩኝ። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ናቸው፤ የመምህራን ዝውውር ኮሚቴም ውስጥ አሉ። እሁድ ለሚከበረው ኢዮቤልዩ የጸሎት ቤቱን ታሪክ እንድጽፍ ፈለጉ። የመሥራቾች ስም ሰጡኝ። አምስት ወንድ።

ማስታወሻዬ፣ አንቺ እውነቱን እወቂው። ደርግ ጸሎት ቤቱን ሲያሽግ ሰዉ የጸለየው እናቴ ጓዳ ነው። ሁለት ጊዜ ታስራለች። አቶ ሳሙኤል ራሳቸው ያኔ በቃሬዛ የመጡ ልጅ ነበሩ፤ እጇን ጭና ጸልያላቸዋለች። ነጻነት ሲመጣ መሬቷን ሰጠች፣ ጸሎት ቤት ተሠራበት። ከዚያ ለሕመምተኛ መጸለይ የሽማግሌዎች ሥራ ነው ተባለች። ብርጭቆ ማጠብ ደረሳት።

ስለ እናቴ ጠየቅኳቸው። እናቶችም ብዙ አግዘዋል የሚል አንድ መስመር ይበቃል አሉኝ። ቀጥለው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ወደ ሆሳዕና የጠየቅኩት ዝውውር በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚታይ ነገሩኝ። ስድስት ዓመት ጠብቄዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 8

ጻፍኩት። ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ያቺ አንድ መስመር እንኳ ዓረፍተ ነገሩን አበላሸችብኝ፣ አወጣኋት።

ከዚያ ግሪክ አነበብኩ። ዜውስ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ሜቲስን ዋጣት። ልጇ አቴና ከአባቷ ራስ ወጣች፤ በኋላ እናቱን የገደለ ልጅ ለፍርድ ሲቀርብ እናት የለኝም ብላ ለወንዶቹ ፈረደች። ደስ የማትል ሴት። ሻይ ጠጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9። 10 ሰዓት

እናቴ ማንበብ አትችልም። አንብቢልኝ አለች። ወደ ሀዲይኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ጎመን እየከተፈች ሰማች። አምስቱን ስሞች ስጨርስ፣ የታሰረችበትስ እንዳለ ጠየቀች። ቦታ አልበቃም አልኳት።

“ሳሙኤል ነው አውጪው ያለሽ?”

“አይደለም እማዬ። እኔ ነኝ ያወጣሁት።”

ቢላዋው ቆመ። ከእኔ ጋር አማርኛ አውርታ አታውቅም፤ አማርኛ የምታወራው ቢሮ ስትሄድ ነው። ቀና ሳትል በአማርኛ መለሰችልኝ፦

“እሺ፣ መምህርት።”

ጎመኗን መክተፍ ቀጠለች። ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት።

እሁድ፣ ጥር 10። ጠዋት 2፡00

እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ጸሎት ቤት ወጣች። አልጠበቀችኝም። አቶ ሳሙኤል ደውለዋል፤ መድረክ ላይ የማነበው እኔ ነኝ። ወረቀቱ ፊቴ ነው። ከአምስቱ ስሞች በላይ ባዶ ቦታ አለ፣ የእሷን ስም ይይዛል። እስክሪብቶም አለኝ።

አልጨምርም። ዓይኗ እያየኝ፣ እንደጻፍኩት አነበዋለሁ።