ስም አይጠየቅም፤ ዋስ ግን ይጠየቃል

ጅቡቲ፣ ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ለአቶ ኃይለማርያም

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ማራገቢያ ይህን ሙቀት በሰላም እንዳለፋችሁት ተስፋ አደርጋለሁ።

አስቀድሜ፣ እያፈርኩም ቢሆን፣ አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ይህን የምጽፈው ፊትዎ ቆሜ መናገር ስለማልችል ነው። ሰው ትኩር ብሎ ካየኝ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል፤ ሰላም ላለማለት መንገድ የምሻገር ልጅ ነኝ። በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ የምለጥፈውም ማንም በሌለበት ሰዓት ነው።

እማዬ ትጠጣለች። ይህን በግልጽ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልዎ፤ በማኅበሩ ትጋት የተነሳ በሰፈራችን በካርቲዬ 2 ይህን ያልሰማ ሰው ስለሌለ የምደብቀው ነገር አልቀረልኝም። ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቢሮዎ ቅሬታ በተራ ቁጥር ይጻፋል ስላለኝ እንደዚያው አቀርባለሁ።

1ኛ. ማስታወቂያችሁ። «መጠጥ ማቆም የምትፈልጉ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን እንነጋገራለን። ስም አይጠየቅም። ማንም ይምጣ» ይላል። ውብ ጽሑፍ ነው። እማዬ አምቡሊ ሰፈር ባለው እንግዳ ማረፊያ አልጋ ስታነጥፍ ውላ ስትመለስ አየችው። ከብዙ ቀን በኋላ፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እስቲ ሂጂና ጠይቂልኝ፤ እውነት ስም አይጠይቁም?» አለችኝ። ከሰው እርዳታ ስትፈልግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሄድኩ። ጸሐፊዋ ወይዘሮ በለጡ በታላቅ ትሕትና፣ «የኔ ልጅ፣ ስም አይጠየቅም፤ ዋስ ግን ይጠየቃል። ዳግመኛ እንደማትጠጣ የሚፈርሙ ሁለት አባላት» አሉኝ። ስሟ ካልተጠየቀ ስለ ማን ነው የሚፈርሙት ልላቸው ነበር፤ ጥያቄው አፌ ላይ የመጣው ግን ደረጃውን ወርጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

2ኛ. ዋስ ፍለጋው። ለሥራ ዋስ እንደሚያስፈልግ አውቅ ነበር፤ ለመዳንም እንደሚያስፈልግ የተማርኩት ከማኅበሩ ነው። መጀመሪያ የሄድነው የማኅበሩ አባል አቶ በእምነት ዘንድ ነበር። አዘኑልን፣ ሻይ አጠጡን፣ «ላስብበት» አሉን። ምን ያህል አጥብቀው እንዳሰቡበት የገባን የሚቀጥለው ቤት ስንደርስ ነው፤ ባለቤቲቱ ሳናንኳኳ በር ከፍተው፣ «ሰማሁ እኮ፣ ውይ በሞትኩት! ግን ብትጠጣብኝስ? እኔ ልጠየቅ?» አሉ። የቀሩትን ደጆች አልዘረዝርም። እማዬ በየደጁ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስብ ነበር።

ሳያቅማሙ የፈረሙልን ወይዘሮ አፀደ ብቻ ናቸው። አረቄ የሚሸጡት ወይዘሮ አፀደ። እማዬ የምትጠጣው እሳቸው ቤት ነው። ልትተው መሆኗን ሲሰሙ እንባ አቀረሩ፣ ፈረሙ፣ ከዚያም ለደስታው ብለው አንድ መለኪያ ቀዱላት። ነባር አባል ስለሆኑ ማኅበሩ ዋስነታቸውን በደስታ ተቀብሏል።

3ኛ. ሁለተኛዋ ዋስ። ጎረቤታችን እትዬ ዓዚዛ፣ የድሬዳዋዋ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሱቃቸውን ዘግተው ቢሮ ድረስ አብረውን መጡ። እማዬ ስትወድቅ የሚያነሷት፣ ፊቷን የሚያጥቧት እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ በለጡ ግን፣ «አባል አይደሉም፤ ደግሞስ ቀምሰውት በማያውቁት ነገር እንዴት ዋስ ይሆናሉ?» አሏቸው። እትዬ ዓዚዛም፣ «እንግዲያው ለዋስነቱ ስል ልጀምርላችሁ?» አሉ። ከኔ በቀር የሳቀ የለም፤ እኔም ወደ መሬት እያየሁ ነው።

4ኛ. ያለፈው ዓርብ። እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳትቀምስ፣ ፀጉሯን ታጥባ፣ በአንድ ዋስም ቢሆን ይራሩልኝ ይሆናል ብላ መጣች። ዘበኛው በሩ ላይ ስሟን ጮክ ብሎ ጠርቶ፣ «ዋስሽ ጎድሏል» አላት። በመስኮቱ በኩል ለአንድ ሰው ሲጨበጨብ ይሰማን ነበር። እማዬ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመች፤ ከዚያም በቀጥታ ወደ ዋሷ ቤት ሄደች።

ከዚህ በላይ ቁጥር የለኝም።

ከትናንት ወዲህ አልጠጣችም። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ የውሃ ብርጭቆውን የምይዝላት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት፣ «ነገ ዓርብ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለዚህ ነገ እኔና እማዬ፣ እትዬ ዓዚዛም ምንጣፋቸውን ይዘው፣ ከስብሰባው መስኮት ሥር ጥላው ላይ እንቀመጣለን። መስኮቱን ብትዘጉት ሙቀቱ እናንተኑ ይጎዳልና አትድከሙ። የናንተን እየሰማን የኛንም እንነጋገራለን። እማዬ ቀድማ መናገር ስለምትፈራ የምጀምረው እኔ ነኝ። ምን እንደምል ገና አላውቅም፤ ግን ጮክ ብዬ ነው የምለው።

ስማችንን ሳይጠይቁ ከመላው ሰፈር ላስተዋወቁን ለእርስዎና ለክቡራን የኮሚቴ አባላት ረጅም ዕድሜ፣ ነፋሻ ክፍልና የማያሳፍሩ ዋሶች እየተመኘሁ፣ አንገቴን ደፍቼ እሰናበታለሁ።

ፅዮናዊት፣
ያለ ዋስ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳነብላት እማዬ አንድ ስም አሰረዘችኝ፤ ወይዘሮ አፀደ ቤት ጥጉ ላይ ዘወትር የሚቀመጡ የአንድ የኮሚቴ አባል ስም ነበር። «ተይ፣ ስም አይጠየቅም ተብሏል» አለችኝ። ማስታወቂያችሁን ያከበረ ሰው እስካሁን ያገኘሁት እሷን ብቻ ነው። እኚያ ሰው ነገ ወደ መስኮቱ ሥር ቢመጡ ምንጣፉ ሰፊ ነው፤ ዋስ አንጠይቃቸውም።