ሁለት ጊዜ የተወጣ ዳገት

ወንጪ፣ ጥር ፲፮ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ውድ አረጋሽ፣

ካርዱ ጠባብ ስለሆነ ካየሁት አንዱን ብቻ እጽፍልሻለሁ። የልጅ ልጄ ለንሳ ከመተሐራ አቧራ ጀምሮ ከጓደኞቿ ጋር በብስክሌት ስትጓዝ፣ እኔ ዕቃ በጫነው መኪና እከተላለሁ። ትናንት የወንጪን ዳገት ስትጀምር "እግሬ መሬት ከነካ ብስክሌቱን መኪናው ላይ ጭኜ ቤቴ እገባለሁ" ብላ ማለች።

ሁለት መታጠፊያ ሲቀራት፣ አስከሬን የያዙ ሰዎች ከጎን ካለው መንደር ወጥተው ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመሩ። አስከሬን ሲያልፍ ኮርቻ ላይ ያለ ሰው እንደሚወርድ ታውቂያለሽ። "ውረጂ" ልላት መስኮቱን ስከፍት፣ ወርዳ ሄልሜቷን አውልቃ ቆማለች። ሰዉ እንዳለፈ ጓደኛዋ ሚልኪያስ "እንግዲህ መኪናው ይኸውልሽ!" አላት። ብስክሌቷን አዙራ እስከ ዳገቱ ሥር ወረደችና እንደገና ጀመረች።

እዚያው መታጠፊያ ስትደርስ ቀባሪዎቹ በፈረስና በእግር ሲመለሱ መንገዱን ሞልተውታል። አንድ ሽማግሌ አወቋትና ፈረሳቸውን ወደ ጠርዝ ገፉ፤ "ቅድም ቆማልናለች፤ አሁን እኛ እንቁምላት!" አሉ። ሁሉም ዳር ያዙ። "ገለቶማ፣ ኦቦ!" ብላ በኦሮምኛ አመስግና ሳትወርድ አለፈች።

በእኛ በእንጭኒ፣ በገበያ ቀን ለብስክሌት እንዲህ መንገድ የሚለቅ አላየሁም።

ለእንግዳወርቅና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለንሳም እጅ ትነሳሻለች። ከካርዱ የቀረኝ ይህ ጥግ ብቻ ነው፤ መኪናው ላይ ዛሬም የተጫንነው ዕቃውና እኔ ብቻ ነን።

አስካለ