ሁለት ነጥብ ሦስት ወይስ ሦስት ነጥብ ሁለት፦ የእታለም የሕይወት ታሪክ

እታለም ከአናጺ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በኅዳር ወር 1946 ዓ.ም.፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች በኩር ስለነበሩ ታናናሾቻቸው «እታለም» ይሏቸው ነበር። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሥራ ቦታ ድረስ ተከተላቸውና፣ ሌላ ስም እንዳላቸው የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሆኖ ቀረ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው በ1968 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ። ማሽኖቹ በተነሡ ቁጥር ወለሏ በሚንቀጠቀጥ ክፍል ተቀምጠው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ፊደል ለቃሚዎች የደረደሩትን የመማሪያ መጻሕፍት፣ የባቡር ሰዓት ሰንጠረዥና የመድኃኒት መግለጫ አርመዋል። የሠርግ ጥሪ እንኳ ሲደርሳቸው ከደስታው በፊት ግድፈቱን ያያሉ እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። እሳቸው ግን በመድኃኒት መግለጫ ላይ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ብትስት ሰው እንደምትገድል ስለሚያውቁ፣ ሥራውን ካስረከቡ በኋላም ቅጂውን ደግመው ያነቡ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። እሳቸው ሳያጣሩ አንድ እርምጃ አይራመዱም፤ ባለቤታቸው ደግሞ «መንገድ ላይ ይስተካከላል» ባይ ናቸው። እንዲያም ሆነው አርባ አራት ዓመት ተዋደው ኖሩ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ በጉበታቸው ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ የኖረ ቫይረስ ተገኘባቸውና በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሡ ጀመር። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የመርማሪዋ እጅ ጎናቸው ላይ አንድ ቦታ ቆመ፤ አልፎ ሄደ፤ ተመልሶ እዚያው ቆመ። እታለም ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ነገሩ ገባቸው። ሲቲ ስካን ሲነሡም ትንሽ የካንሰር ዕጢ መሆኑ ታወቀ።

ሁለት ሐኪሞች ሁለት መንገድ አሳዩአቸው። ቀዶ ሐኪሙ «በትናንሽ ቀዳዳዎች ገብተን ቆርጠን ብናወጣው እዚያው የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል፤ ግን ጉበትዎ የደከመ ነው» አሉ። በመርፌ የምታክመዋ ሐኪም ደግሞ «ቀጭን መርፌ አስገብተን እናቃጥለዋለን፤ በማግስቱ ቤትዎ ይገባሉ። ከሦስት ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ውጤቱ ከቀዶ ጥገናው ብዙም አይርቅም፤ ካለፈ ግን እኔም አልደፍርም» አለች።

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሴት ልጃቸው «ክፉ ነገር ከነሥሩ ይነቀል» ስትል፣ ወንድ ልጃቸው «እናታችንን ቢላ አይንካት» አለ። እታለም ወረቀት ለሁለት ከፍለው ይጽፋሉ፤ ጠዋት ያሸነፈው ከሰዓት በኋላ ይሸነፋል።

በመጨረሻ እታለም ወደ መርፌው አዘነበሉ። ወደ ሆስፒታል ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የሲቲ ስካኑን ውጤት እንደ ልማዳቸው ማስመሪያ ይዘው መስመር በመስመር አነበቡት። የመጀመሪያው ገጽ ዕጢው ሁለት ነጥብ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው ይላል። ማጠቃለያው ሦስት ነጥብ ሁለት ይላል። ደጋግመው አዩትና ለባለቤታቸው ሰጧቸው። «እስቲ አንተ አንብበው፤ ዓይኔ አርጅቶ ይሆናል።»

ዓይናቸው አላረጀም ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ምስሉ እንደገና እስኪለካ ቀጠሮው ዘጠኝ ቀን ተገፋ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት እታለም እህል ውሃ አላሰኛቸውም። ባለቤታቸው ቁልፉን በሩ ላይ እየተዉ ይወጣሉ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁለቱም ይነሡና ማንሣቱን አንዱ ለአንዱ ይተዉለታል። «ሦስት ነጥብ ሁለት ቢሆንስ?» የሚለውን ቃል አፍ አውጥቶ የተናገረው ማንም የለም፤ ያላሰበውም የለም።

በአሥረኛው ቀን ሁለት ባለሙያዎች አብረው ለክተው ትክክሉ ሁለት ነጥብ ሦስት መሆኑን አረጋገጡ። የቤተሰቡ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እታለም ግን «ፊደል ለቃሚው ተሳሳተ እንበል፤ አራሚው የት ሄዶ ነበር?» ብቻ አሉ። በዚያው ሳምንት በመርፌ ታክመው በማግስቱ በእግራቸው ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ምርመራ ነበር፤ ውጤት እስኪመጣ ያለው ሳምንት ቤተሰቡን ያስረጅ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ከተቃጠለው ቦታ አጠገብ ሌላ ትንሽ ዕጢ ታየና በመርፌ ድጋሚ ታከሙ። ያን ዕለት ባለቤታቸው በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ «ያኔ ኦፕራሲዮኑን ብታደርጊ ኖሮስ?» ብለው ጠየቋቸው። «ያልሄድንበት መንገድ ሁሌ አስፋልት ይመስላል» አሉ እታለም፤ «አንተ ሾፌር አይደለህ እንዴ?»

ጥያቄው ግን ባለቤታቸውን አልለቀቃቸውም፤ ቆይተው ብቻቸውን ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሄዱ። ሐኪሙም «የቱ ይሻላቸው እንደነበር እኔም አላውቅም። ያ የደከመ ጉበት ቢላውን ይችለው እንደነበርም አላውቅም» አሏቸው።

እታለም በእነዚህ ስድስት ዓመታት ሴት ልጃቸውን ድረዋል፤ ሁለት የልጅ ልጆች አቅፈዋል፤ ለትልቋም የጫማ ክር ማሰር አስተምረዋል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ጉበታቸው ራሱ እየደከመ ሄደ። ሆዳቸው ውሃ ቋጠረ፤ መርፌውም ቢላውም የሚሠሩት ነገር አልቀረም። ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ጠዋት፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና «እታለም» ብለው የሰየሟቸው አምስት ታናናሾቻቸው አሉ። ለእነርሱ መጽናናትን ይስጣቸው፤ የእታለምንም ነፍስ ፈጣሪ ውጤት ከማይጠበቅበት ስፍራ ያሳርፍልን።